ወናፍ የሌለው ፉጨት

በዚህ ከተማ ጉልበት ያጠረው ሁሉ ያፏጫል። ለዛሬ ስለ ፖለቲካ አይደለም የምናወራው፤ ስለ መኪና ነው።

ማርሚታ ጫፍ ውስጥ የምትገባ አንዲት የቆርቆሮ ቱቦ አለች። ርዝመቷ ከጣት ብዙም አይበልጥም፣ ጎኗ ላይ ሽንቁር አላት፣ በአንዲት ብሎን ትታሰራለች። ጭሱ ሲያልፍባት ታፏጫለች። ዳር ቆሞ ለሚሰማ ሰው መኪናው ተርቦ የተገጠመለት ይመስለዋል። ዋጋዋ ከሁለት ሰው ክትፎ ያንሳል። ለሞተሩ የምትሰጠው ጥቅም ዜሮ ነው፤ እንዲያውም የጭሱን መውጫ ስለምታጠብ ካለው ላይ በጥቂቱም ቢሆን ትቀንሳለች። ጉልበት ቀንሶ የጉልበት ድምፅ የሚሰጥ ዕቃ! ይህን የፈለሰፈ ሰው የእኛን ሰፈር ሳያውቅ አልቀረም።

ከኋላ መስታወቱ ላይ ደግሞ «ተርቦ» የሚል ስቲከር ይለጠፋል። በአማርኛ ካነበብነው ስቲከሩ አልዋሸም። ተርቦ ነው። አየር ተርቦ ነው እንዲያ የሚያፏጨው።

እኛ የምንከራከረው ለሌላኛው ልጅ ነው። ለዚያ ድምፅ ለማያወጣው። እናቱ ግቢ ውስጥ፣ ልብስ ማስጫው ገመድ ስር፣ አንድ አሮጌ ዲኤክስ ክሪክ ላይ ሰቅሎ፣ ኮፈኑን አውልቆ ግድግዳ አስደግፎ፣ እውነተኛ ሱፐርቻርጀር በገዛ እጁ ሊገጥም ስድስት ወር ለሚለፋው። ይህ ልጅ በሁለት ወገን ጠላት አለው። በአንድ በኩል «ሥራ ፈት ነው፣ ቅብጠት ነው፣ ቤንዚን ላይ መቀለድ ነው» የሚሉት ቁም ነገረኞች አሉ። በሌላ በኩል የእሱን ስም ይዘው የሚያፏጩት አሉ። ሁለቱንም እንነካካቸዋለን። ልጁንም ቢሆን አንምረውም።

ሱፐርቻርጀር ማለት ወናፍ ማለት ነው። ማሳመር አያስፈልገውም። ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥል ምድጃ ነው። ቤንዚን መጨመር ለማንም ቀላል ነው፤ የሚከብደው ቤንዚኑን የሚያቃጥለውን አየር መጨመር ነው። ፒስቶኑ ወደ ታች ሲወርድ አየሩን ራሱ ይስባል፤ የሚስበው ግን ውጭ ያለውን ያህል ብቻ ነው። ወናፉ በቺንጋ ከኮሎው ጋር ይታሰራል፣ ሞተሩ በዞረ ቁጥር አብሮ ይዞራል፣ የውጩን አየር እያፈሰ ወደ ማኒፎልዱ ይገፋል። ተርቦ የዚሁ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ ተርቦን የሚያዞረው ቺንጋ ሳይሆን የሚወጣው ጭስ መሆኑ ነው። ከዘሩ ጥንታዊ የሆነው «ሩትስ» የሚባለው ዓይነት ከመኪና በፊት ተወልዷል። ፊላንደርና ፍራንሲስ ሩትስ የተባሉ የኢንዲያና ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1860 የፈጠራ መብት ሲያወጡበት የቤንዚን መኪና የሚባል ነገር አልነበረም፤ ከቀደምት ሥራዎቹ አንዱ ለብረት ማቅለጫ ምድጃ አየር መንፋት ነበር። የቀጥቃጭ ዕቃ ነው ማለት ነው። ይህን ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን። አየርን ገፍቶ ሞተር ውስጥ የማስገባትን ሐሳብ ጎትሊብ ዳይምለር በ1885 አስመዘገበው፤ መርሴዲስ ደግሞ በ1921 በርሊን ላይ ባለ «ኮምፕሬሶር» መኪናዎቹን ለሕዝብ አሳየ። ያቺን ቃል ዛሬም አሮጌ ሲ ክላስ ኋላ ላይ ተጽፋ ታገኟታላችሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገረኞቹ። «ምን ሊያደርግለት ነው?» ይላሉ። ይህን የሚጠይቁት 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጠው ነው። የአየር ግፊት በባሕር ጠለል 101 ኪሎፓስካል ነው፤ አዲስ አበባ ላይ 76 አካባቢ ነው። ሩቡ የለም። እኛ እዚሁ ተወልደን ስላደግን ሳንባችን ለምዶታል፤ ሞተር ግን አይለምድም። ፋብሪካው 60 ፈረስ ጉልበት ብሎ የሸጠው ሞተር ቦሌ ላይ 45 ገደማ ነው። (ቀረጡን ስንከፍል ግን «ለከፍታ» ተብሎ የተቀነሰልን የለም።) ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በ1,300 ሲሲ ሞተር አምስት ሰው ጭኖ የወጣ ሰው የምንለውን ያውቀዋል። ማርሹ ወደ አንደኛ ይወርዳል፣ ራዲዮው ይቀነሳል፣ ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ወደፊት ዘንበል ብሎ መኪናውን በልቡ ይገፋል፤ ከኋላ የተቀመጡትም ትንፋሻቸውን ይዘው ያግዙታል።

ስለዚህ ያ ልጅ የሚፈልገው ሩብ ባር ግፊት ነው። ሩብ ባር! የመኪና ጎማ ውስጥ የሚሞላው የዚህ ስምንት እጥፍ ገደማ ነው። ሩብ ባር ማለት ዲኤክሱን የውድድር መኪና ማድረግ አይደለም፤ ጂቡቲ ወደብ ላይ ከመርከብ ሲወርድ የነበረውን መኪና ማድረግ ነው። ከፍታ የወሰደበትን ማስመለስ ነው። ሰው ዓይኑ ሲደክም መነጽር ቢያደርግ ቅብጠት አንለውም።

ሐሳቡ ደግሞ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1918 የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በካሚዮን ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ ወጣ፤ 4,300 ሜትር ገደማ። ሞተሩ በሜዳ 350 ፈረስ ጉልበት አካባቢ የነበረው ነው፤ ተራራው ላይ አንድ ሦስተኛውን ያህል አጥቶ ተገኘ። በጭስ የሚዞር ወናፍ ሲገጠምለት ግን የሜዳውን ጉልበት እዚያው ጫፍ ላይ መልሶ አገኘ። አየር መግፋት ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ የደጋ ሰው ጉዳይ ነው ማለት ነው። ከደጋ ሰው የበለጠ ሊገባው የሚገባ ሕዝብ ካለ ይነገረን።

ቱሉ ዲምቱ ላይ ሲሚንቶ ጭኖ ጥሩምባ እየነፋ የሚያልፋችሁ ሲኖትራክም ተርቦ ከፋብሪካው ይዞ የመጣ ነው፤ ያለዚያ ያን ሸክም ይዞ ከቆላ ወደዚህ አይወጣም። የጭነት መኪና ላይ ሲሆን «ልማት»፣ ዲኤክስ ላይ ሲሆን «ዱርዬነት»? እንዴት ነው ነገሩ?

ለእኛ ጉዳዩ ስለ ቤንዚን አይመስለንም። በእርግጥ ወናፍ የተገጠመለት ሞተር እስከ ወለሉ ሲረገጥ ብዙ ይጠጣል፤ ይህን የሚክድ ልጅ ካለ እሱም ፉጨተኛ ነው። ጉዳዩ ግን ስለ እጅ ነው። ግራሶ የነካው እጅ በዚህ አገር ማዕድ ላይ ዛሬም በክብር አይቀርብም። አባቶቻችን ማረሻ የሠራላቸውን ቀጥቃጭ «ቡዳ» አሉት፤ ማረሻውን ግን አልመለሱለትም። እኛ ልጆቻቸው ደግሞ «ቡዳ» ማለቱን ትተን «ሥራ ፈት» እንላለን። መንግሥት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ከመቶ ዩኒቨርሲቲ ገቢ ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይማር ብሎ ወሰነ። ወላጅ ሁሉ ልጁን መሐንዲስ ሊያደርግ ተሰለፈ። ያ ሁሉ ከሆነ በኋላ አንድ ልጅ እውነተኛ የመሐንዲስ ሥራ በግቢው ሲጀምር እናት ለጎረቤት የምትለው ምንድን ነው? «ምን እንደነካው እንጃ፣ ጸበል ልውሰደው ይሆን?» በሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቆ አንድም ቀን ቴስታታ አንስቶ የማያውቅ ሰው ያስከብራል፤ ቴስታታ አንስቶ፣ ቶርኖ ቤት ወስዶ አስልጎ፣ ጓርኒሲዮኑን በትክክል የመለሰ ሰው ግን «መካኒክ ብቻ» ነው። (ሴባስቶፖልን እዚህ ጋ የምትጠብቁ አላችሁ። አናነሳትም። ስለ እጅ ሥራ በተወራ ቁጥር የምንጠራው አንድ መድፍ ብቻ መሆኑ ራሱ ችግሩን ይናገራል።)

«ኤሌክትሪክ መኪና መጥቶ የለም እንዴ? ይህ ሁሉ ልፋት ያለፈበት ነው» የሚሉንም አሉ። በግማሹ እውነት አላቸው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ እንጦጦም አሰብም ለሱ አንድ ናቸው። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከላቸው ይፋ ሲሆን ብዙ ሰው የቤንዚን ሞተር ዘመን አበቃ ብሎ ነበር። ግን ከዚያ በፊት በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን የማይቀመስ አድርጎታል። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጧቸው። የሚገባ አሮጌ መኪና የለም፣ አዲሱን የሚገዛው ጥቂት ነው፣ እዚህ ያለው እዚሁ ይቆያል። ያ ዲኤክስ የልጅ ልጅ ሊያይ ነው! ታዲያ ሞተርን በራሱ የሚያውቅ፣ የጎደለውን ቆጥሮ የሚሞላ ልጅ ለዚህ ከተማ ትርፍ ነው ወይስ ዕዳ?

ቁም ነገረኞቹ ይብቃቸው። ፉጨተኞቹ ዘንድ ስንመጣ ደግሞ ደረጃ አላቸው። ከቱቦዋ ከፍ የሚለው «ኤሌክትሪክ ሱፐርቻርጀር» እየተባለ በኢንተርኔት የሚሸጠው ነው፤ ኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ከሚያክል ማራገቢያ ጋር ሁለት ሽቦ ያለው ዕቃ። እስቲ እናስላው። 1.3 ሊትር ሞተር በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር በሰከንድ እስከ 65 ሊትር አየር ይጠጣል። ያንን አየር በሩብ ባር ለመግፋት ምንም ብክነት ባይኖር እንኳ 1.6 ኪሎዋት ያስፈልጋል፤ ከነብክነቱ ከሁለት ኪሎዋት ተኩል ይበልጣል። በ12 ቮልት ባትሪ ይህ ከ200 አምፔር በላይ ነው። የዲኤክስ ዲናሞ የዚህን ሩብ ቢሰጥ ነው። ያቺ ማራገቢያ የምትስበው ደግሞ ጥቂት አምፔር ነው፤ ሞተሩ ሲፈጥን እሷ ራሷ የአየር መንገድ ላይ የቆመች ድንጋይ ትሆናለች። እውነተኛ ኤሌክትሪክ ወናፍ የለም ማለታችን አይደለም። ኦዲ እ.ኤ.አ. በ2016 ኤስኪው7 ላይ ገጥሞታል፤ ግን ለሱ ሲል ለብቻው 48 ቮልት ዘርግቶ 7 ኪሎዋት መድቦለት ነው። በሁለት ቀጭን ሽቦ አይደለም።

ልጁን ካሞገስነው ይበቃል፤ አሁን ወደ ራሱ እንምጣ።

ዕቃውን ከሱማሌ ተራ፣ ካልሆነም ከሻርጃ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ዘመድ ልኮለት አገኘ እንበል። ከሚኒ ኩፐር ኤስ የወጣ ኢተን ኤም45። ጥሩ ምርጫ ነው። በአንድ ዙር ሦስት ሩብ ሊትር ያህል አየር ያሻግራል፤ የዲኤክሱ ሞተር በአንድ ዙር የሚጠጣው 0.65 ሊትር ነው። ወናፉ ከኮሎው ጋር እኩል ቢዞር እንኳ ሞተሩ ከሚፈልገው ትንሽ ያስበልጣል። ለመጀመሪያ ይህ ይበቃል። ችግሩ ልጁ «ለመጀመሪያ» የምትለዋን ቃል አይወዳትም።

አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። የብስክሌት ጎማ በፓምፕ የሞላ ሁሉ ያውቀዋል። ከ76 ኪሎፓስካል ወደ 101 ለማድረስ አሮጌ ሩትስ ዓይነት ወናፍ 20 ዲግሪ የነበረውን አየር ወደ 65 ዲግሪ አካባቢ ያሞቀዋል። የሞቀ አየር ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ ጌጁ «ሩብ ባር፣ አንድ ሦስተኛ ጨመርኩ» ሲል በወረቀት ስናሰላው በእውነት የተጨመረው አየር 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቺንጋው የሚበላውን ጉልበት ገና አልቀነስንም። ከፍታ ከወሰደው ግማሹ ተመለሰ፣ ግማሹ በሙቀት ተነነ። ማቀዝቀዣ ራዲያተር ወናፉና ሞተሩ መካከል የሚገባው ለዚህ ነው፤ ለፎቶ አይደለም። ስንቱ ግቢ ውስጥ ግን ከፊት ፓራውልቱ ስር በክብር የተሰቀለ፣ ቱቦው ከምንም ጋር ያልተያያዘ ማቀዝቀዣ አይተናል! እሱም ያው ፉጨት ነው፤ ድምፅ የለውም እንጂ።

ጌጁ ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። የሚያነበው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ዱባይ ላይ ግማሽ ባር የሚሰጥ ወናፍና ፑሌጃ፣ እዚህ ያለ ምንም ጥፋት 0.38 ባር ብቻ ያሳያል። ወናፉ ያገኘውን አየር በአንድ ተኩል ያባዛል፤ ያገኘው ካነሰ የሚሰጠውም ያንሳል። ልጁ ይህን አያውቅም። ዩቲዩብ ላይ ያየው የባሕር ዳርቻ ሰው ነዋ! «የሸጡልኝ ፎርጅድ ነው» ይልና ቶርኖ ቤት ሮጦ ትንሽ ፑሌጃ ያስጠርባል። ወናፉ ከተሠራበት በላይ ይዞራል፣ አየሩ ይጋላል፣ ጌጁ ግማሽ ባር ያሳያል፣ ልጁ ደስ ይለዋል። ሞተሩ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ቀኑን ይቆጥራል።

ከዚያ ቅዳሜ ይመጣል። አዲስ ወናፍ የገጠመ ልጅ ሁሉ የት ይሄዳል? አዳማ ፈጣን መንገድ። በዚህ ከተማ ዙሪያ ለዚህ ሥራ ከእሱ የባሰ ቦታ የለም፤ መንገዱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ቁልቁል ስለሆነ ነው። ካርቡራተሩ የተስተካከለው በአዲስ አበባ ስስ አየር ነው፤ ቤንዚን ማስገቢያው ለዚያ ተመጥኗል። በእያንዳንዱ ኪሎሜትር መኪናው ወደ ወፍራም አየር ይወርዳል። አዲስ አበባ 101 የነበረው የማኒፎልድ ግፊት አዳማ ሲደርስ ወደ 110 ይጠጋል፤ አዋሽ ድረስ ከቀጠለ 120። አየሩ ጨመረ፣ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አልጨመረም፣ መንገዱ ነፃ ነው፣ እግሩ ወለሉ ላይ ነው። ቤንዚኑ ካንዴላው እስኪለኩሰው ሳይጠብቅ በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። መጀመሪያ የሚሰማው ጣሳ ውስጥ የተንቀጠቀጠ ሳንቲም የሚመስል ድምፅ ነው። ሙዚቃው ከፍ ካለ ደግሞ ያም አይሰማም። ጥቂት እንዲህ ከቆየ ፒስቶኑ መሃሉ ላይ ይበሳል፤ በሚሥማር የተበሳ ቆርቆሮ ይመስላል። በተጎታች ወደ ቃሊቲ የሚመለሰው ልጅ ጥፋቱን በ«ቻይና ፒስቶን» ላይ ያላክካል።

ፋብሪካዎቹ ይህን ፈርተው ምን እንዳደረጉ ማየት ይጠቅማል፤ ቶዮታ እዚህ የምናውቀው ዘመድ ስለሆነ እሱን እንይ። 4ኤ-ጂኢ የሚባለውን 1.6 ሊትር ሞተር ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1986 ወናፍ ሲገጥምበት (4ኤ-ጂዜድኢ ያለው ነው) ወናፉን ቁጭ አድርጎ አልሄደም። 9.4 ለ1 የነበረውን የፒስቶን መጨመቂያ ወደ 8 ለ1 አወረደው፣ የተቀጠቀጠ ጠንካራ ፒስቶን አስገባ፣ የአየር ማቀዝቀዣ አደረገለት፣ ወናፉ ሳያስፈልግ እንዳይዞር ኤሌክትሪክ ክላች ጨመረበት። 145 ፈረስ ጉልበት አገኘ። ያን ሁሉ ላብራቶሪ ይዞ እንዲህ ከተጠነቀቀ፣ ልብስ ማስጫ ገመድ ስር ያለው ሰው ምን ያህል ሊጠነቀቅ ይገባዋል?

ስለዚህ ልጁን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ለካህ ወይ? ጭሱ ውስጥ የሚተከል ዋይድባንድ ኦክስጅን ሴንሰር አለ፤ ከአንድ ቸርኬ ብዙም አይወደድም። ሞተሩ በሙሉ ግፊት ላይ እያለ አየርና ቤንዚኑ በምን ልክ እንደተደባለቁ በቁጥር ይነግራል። ያለ ግፊት 14.7 አየር ለ1 ቤንዚን ነው፤ በግፊት ላይ 12 ወይም ከዚያ በታች ካልሆነ እግር ከነዳጅ ላይ መነሳት አለበት። ይህች ቁጥር ሳትኖር «በጆሮዬ አስተካክለዋለሁ» የሚል መካኒክ፣ ጆሮው የቱንም ያህል የተመሰገነ ቢሆን፣ በሰው ሞተር ላይ ሎተሪ እየቆረጠ ነው። አራት ቸርኬ ገዝቶ ሴንሰር «ተወደደብኝ» የሚል ልጅ ደግሞ ለእኛ ከባለ ቱቦው ጋር አንድ ነው።

ሁለተኛም አለን። ፍሬኑስ? የመኪና ጉልበት በፍጥነት ልክ አይጨምርም፣ በፍጥነት ብዜት ነው። በ120 የሚሄድ መኪና በ80 ከሚሄደው ይልቅ ፍሬን ላይ የሚጥለው ሸክም ሁለት እጥፍ ከሩብ ነው። ዲኤክሱ ከኋላ ዛሬም የአርባ ዓመት ከበሮ ፍሬን ላይ ነው። ወናፉን ከመግጠሙ በፊት የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ዘይት፣ ጎማ ያልቀየረ ሰው መሐንዲስ አይደለም። መንገድ ዳር ቆማ ልጇን የምታሻግር እናት የዚህን ልጅ ሙከራ ለመካፈል ፈቃድ አልሰጠችም። ቁም ነገረኞቹ ይህን ብለው ቢሆን ኖሮ ከእኛ ጋር አይጣሉም ነበር። እነሱ ግን የሚወቅሱት ግራሶውን ነው።

መንገድ ላይ ለመውጣት የሚጠየቀው ቦሎም መልስ አይሰጥም። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር ተጽፏል፤ የሞተሩን ትንፋሽ ማን ጠየቀ? ስለዚህ ልጁ ለምርመራ ሲሄድ ወናፉን አውልቆ ይሄዳል፣ ሲመለስ ይገጥመዋል። ስለ መኪናው ዋና ነገር መርማሪው ሳያውቅ ይፈርማል። ጀርመኖች በዚህ ላይ የተሻለ ብልሃት አላቸው። መኪናህን ለወጥክ? አምጣው፣ ይፈተሽ፣ ፍሬኑ ለአዲሱ ጉልበት ይበቃል ወይ ተብሎ ይታይ፣ ካለፈ በመኪናው ወረቀት ላይ ይጻፍልህ። አስቸጋሪ ነው፣ ገንዘብም ያስከፍላል፣ የጀርመን ልጆችም ያማርራሉ። ግን ሠራተኛው ከመደበቅ ይልቅ ለመታየት ምክንያት ያገኛል። እዚህ ቢደረግ መጀመሪያ የሚወድቁት ባለ ቱቦዎቹ ናቸው፤ ያ የልብስ ማስጫው ልጅ ግን በወረቀት የተመሰከረለት ሠሪ ይሆን ነበር፣ ጎረቤትም መኪናውን ይዞ ይመጣለት ነበር።

«መለኪያ ማሽን የለንም» የሚል ሰበብ ደግሞ አንቀበልም። ሰዓት ያለው ሁሉ መለኪያ አለው፤ ስልካችሁ ውስጥ አለ። ሜዳ የሆነ፣ ሰው የማይተላለፍበት ቦታ፣ ሦስተኛ ማርሽ፣ ከ40 እስከ 80። መኪናው ከነሾፌሩ 1,000 ኪሎ ከሆነ ከ40 ወደ 80 ለመድረስ 185 ኪሎጁል ያህል ይፈልጋል። በ10 ሰከንድ ከደረሰ በአማካይ 25 ፈረስ ጉልበት ጎማው ላይ አድርሷል፤ በ8 ሰከንድ ከደረሰ 31። ነፋሱንና የጎማውን ግጭት አልቆጠርንም፤ ለማወዳደር ግን ይበቃል። ሄዶ አንድ ጊዜ፣ ተመልሶ አንድ ጊዜ፣ ሰዓቱን የሚይዘው ከሾፌሩ አጠገብ የተቀመጠው ሰው። ባለ ወናፉ ልጅ ቺንጋውን ፈትቶ አንዴ፣ አስሮ አንዴ ይለካ። ባለ ቱቦውም ቱቦዋን ገጥሞ አንዴ፣ አውልቆ አንዴ። ሁላችሁም ቁጥሮቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ጉልበታችሁ ስንት ሰከንድ እንደሆነ እዚሁ ጎን ለጎን እናወጣዋለን።